የሾፌሩ እህት

ሲስተር ዓይናዲስ ላቀው የዚያን ሐሙስ ጠዋት ጎንደር ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ተረክባ የመጀመሪያውን ዙር ገና ሳትጨርስ ከግቢው በር የባጃጅ ጥሩምባ ተደራርቦ ተሰማ። ባጃጅ ታማሚ ይዞ ጥሩምባ እየነፋ መግባቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ይኼኛው ግን አንድ ብቻ አልነበረም። በመስኮት ብታይ ስድስት ሰባቱ ተከታትለው ገቡ። ከኋላቸው አንድ አይሱዙ መጣ፤ ላዩ ላይ ሰዎች ተኝተዋል፣ ሌሎች ደግሞ ተንበርክከው ደግፈዋቸዋል።

«ተሳቢ ነው!» ይላል አንዱ ከታች እየጮኸ። «ከደባርቅ መስመር የመጣ ተሳቢ ፍሬን እንቢ ብሎት ባጃጅ ተራው ላይ ተገለበጠ! ሰው አለቀ!»

ዓይናዲስ ጓንቷን እያጠለቀች ደረጃውን በሩጫ ወረደች። በአሥራ አንድ ዓመት የነርስነት ዘመኗ ብዙ አይታለች፤ በጦርነቱ ወራት ደግሞ ዓይን አይየው የሚባለውን ሁሉ አይታለች። ባልደረቦቿ «የጃናሞራ ብርድ ነው እንዲህ ያጠነከራት» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ተወልዳ ያደገችው በጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ነውና።

ሦስተኛዋን ቁስለኛ ተቀበለች። ልጅቷ ሃያ ዓመት አይሞላትም። ከወገቧ በታች ደም በደም ሆናለች። ዓይናዲስ አንገቷን ልትደግፍ እጇን ከሥር ስትሰድ፣ በሹሩባዋ መሀል ድቡልቡል ነገር ጣቷን ነካት። ባቄላ ነበር። ቀሚሷን በመቀስ ስትቀድደው ከደረቷም ከብብቷም ባቄላ ረገፈ። ዞር ብላ ወለሉን አየችው። በየቁስለኛው ሥር ባቄላ ተበትኗል፤ ተሸክመው የሚያስገቡት ሰዎች እየረገጡት ይንሸራተታሉ።

ትናንት አመሻሽ ላይ ታላቅ ወንድሟ ሰውአገኝ ደውሎላት ነበር። «ዳባት ነኝ፤ ባቄላ ጭኛለሁ። መንገዱ ተከፍቷል። ነገ ከምሳ በፊት እገባለሁና ቆይተሽ እንዳትወጪ» ነበር ያላት።

«በዚያ መስመር ባቄላ የሚጭን ስንት መኪና አለ» አለች በልቧ። እውነትም መንገዱ ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ስለከረመ፣ በተከፈተ ማግሥት ጭነት ያለው ሁሉ ተግተልትሎ ነው የሚወርደው። እንዲህ ራሷን እያጽናናች የልጅቷን ደም አሰረች፣ መርፌ ሰካች፣ ስሟን ጠየቀቻት። ልጅቷ «ውቢት» አለችና ራሷን ሳተች። በዕረፍት መሀል ዓይናዲስ ስልኳን አውጥታ ደወለች። የወንድሟ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ደግማ ደወለች። አሁንም አይቀበልም።

አራት ሰዓት ላይ ከቀዶ ሕክምናው የወጣው ዶክተር ኢዮስያስ ጭንብሉን ከፊቱ አውርዶ ግድግዳውን ተደገፈ። «አራት ሰው እዚያው ሞቷል» አላት። «ሾፌሩ ግን ተርፏል። ሕዝቡ ሊገድለው ሲል ፖሊስ ደርሶ ነው ያወጣው። ታች አለ፤ ክንዱም ጎድኑም ተሰብሯል። ሰው ስለፈራ እስካሁን የነካው የለም። እስቲ አንቺ እይው።»

ታች ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። በመሀላቸው ባለው አልጋ ላይ ፊቱ በደምና በአቧራ የተለወሰ ሰው ተጋድሟል። ዓይናዲስ ፊቱን ሳታይ ጫማውን ነበር ያወቀችው፤ ባለፈው ፋሲካ የገዛችለት ቡናማ ጫማ ነው። አንደኛው እግሩ ግን ባዶ ነው።

ሰውአገኝ ዓይኑን ገለጠ። አያት። ከንፈሩ «ዓይኔ» ሊል ተንቀሳቀሰና ድንገት ተገታ። ፖሊሶቹን አየ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማውን ልቅሶ ሰማ። ከዚያ ራሱን በጣም በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ‘አታውቂኝም’ ማለቱ ነበር። ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሷም አላወቀችውም። ቁስሉን አጠበችው፣ ክንዱን አሰረችው፣ የማስታገሻ መርፌ ወጋችው። ወደ ላይ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆማ፣ በደረቷ የተንጠለጠለውን የስም ካርድ ገልብጣ ስሟን ወደ ውስጥ አደረገችው። ሰውአገኝ ላቀው፣ ዓይናዲስ ላቀው። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል።

ለዓይናዲስ ሰውአገኝ ከወንድምም በላይ ነበር። አባታቸው ሲሞት እሷ የስምንት ዓመት ልጅ፣ እሱ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ነበር። ደብተሩን ለእሷ አውርሶ ጎንደር ወረደ፤ ጆንያ ተሸከመ፣ መኪና አጠበ፣ ቀስ ብሎም መሪ ያዘ። እሷን አስተምሮ ለነርስነት ካበቃ በኋላ ነው እሱ ያገባው። አሁን ደባርቅ ላይ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት።

የውቢት እናት የደረሰችው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ከማክሰኝት ግማሽ ሰዓት በእግር ከምታስኬድ መንደር የመጣች እናኑ የምትባል ባልቴት ናት። ነጠላዋን አገልድማ፣ በእጇ በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «የኔይቱ የት ናት?» አለች፤ ሌላ አልጠየቀችም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አፈር አልብሳለች። የቀረቻት ውቢት ነበረች። ውቢት ከተማ ገብታ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ፣ በየወሩ መጨረሻ ወደ እናቷ እየሄደች ትጠይቃት ነበር። የዚያን ጠዋት ወደ ሥራ ልትሄድ ባጃጅ ትጠብቅ ነበር።

እናኑ ከልጇ አልጋ ሥር ሰሌን ዘርግታ ከረመች። ቀን ቀን የሌሎቹ ቁስለኞች ቤተሰቦች ይሰበሰባሉ፤ ወሬው ሁሉ ስለ ሾፌሩ ነው። አንዱ ጠጥቶ ነበር ይላል፤ ሌላው ጫት ሲቅም ያደረ ነው ይላል፤ ሦስተኛው አንቀላፍቶ ነው ይላል። እናኑ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትራገማለች። «የልጁን ሬሳ ይታቀፍ! እንደኔ እናቱ አንጀቷ ይረር!»

እናቱ የዓይናዲስም እናት ናት፤ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። ዓይናዲስ በዚያው አልጋ ራስጌ ቆማ መድኃኒት ትለካለች። ወንድሟ መጠጥ ቀምሶ እንደማያውቅ ታውቃለች። ግን ይህን ብትናገር እንዴት አወቅሽ ይሏታል፤ ስለዚህ ዝም ትላለች። ዝም ባለች ቁጥር እናኑ አብልጣ ወደደቻት። «ይቺ ልጅ ሸጋ ናት፤ አፏ የለም፣ እጇ ነው የሚናገር» ትላለች ለሰዉ። ከቋጠሮዋ ዳቦ ቆርሳ «ልጄ፣ ሳትበይ ዋልሽ» እያለች ታጎርሳታለች። ዓይናዲስም ጎርሳ ወደ መድኃኒቷ ትመለሳለች።

በአራተኛው ቀን ውቢት ነቃች። ትኩሳቱ በርዶላት፣ ውኃ ጠይቃ፣ ዓይናዲስ በማንኪያ እያጠጣቻት መናገር ጀመረች።

«ሾፌሩን አይቼዋለሁ» አለች።

እናኑ ከሰሌኑ ተነሣች።

«ግማሽ አካሉ በመስኮት ወጥቷል። በእጁ ሂዱ፣ ሂዱ ይለናል። ጥሩምባውን አያቋርጥም። ሰርግ መሰለን፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሲቀርብ ግን ፊቱን አየሁት፤ ያለቅስ ነበር።»

«ቢያለቅስስ!» አለች እናኑ። ድምጿ ተሰነጠቀ። «ምነው ታዲያ ገደል ሞልቶ ብቻውን ገደል አይገባም ነበር! ለማልቀስ ጊዜ ካገኘ መሪውን ለመጠምዘዝ እንዴት ጊዜ አጣ?»

ዓይናዲስ ማንኪያውን አስቀምጣ ወጣች። ያቺ ጥያቄ ከኋላዋ ተከትላት ወረደች። ፖሊሶቹ ለምሳ እየተፈራረቁ ነበርና አንዱ ብቻ በሩ ላይ ቀርቷል። ቁስል ልትቀይር እንደሆነ ነግራው ገባችና በሩን ዘጋች። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻቸው ሆኑ።

«አያ» አለችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትጠራው እንዲሁ ነው። «እውነቱን ንገረኝ። ገደል መግባት ትችል ነበር?»

ሰውአገኝ በደህናው ክንዱ ተደግፎ ቀና ለማለት ሞከረ። ሲናገር ድምፁ ከተሰበረው ጎድኑ ሥር የሚወጣ ይመስል ነበር።

«የፍሬኑ አየር መጥፋት ከጀመረ ወር ሊሞላው ነው። ለባለመኪናው ነገርሁት። ‘መንገዱ ተመልሶ ሳይዘጋ ይቺን አንድ ጭነት አምጣና ከዚያ ጋራዥ ትገባለች’ አለኝ። እኔም እሺ አልሁ። አላስገደደኝም ዓይኔ፤ እሺ ያልሁት እኔ ነኝ። ከኮሶዬ በታች ስረግጠው ባዶ ሆነ። ማርሽ ልቀንስ ብል አልገባ አለኝ። ከከተማው በላይ ካለችው መታጠፊያ ስደርስ በግራ ገደሉ ታየኝ። እዚያ ወርውራት አልሁ በልቤ። እጄ መሪው ላይ ነበር። ያን ጊዜ ትንሿ ልጄ ታየችኝ። ምናልባት መኪናዋ ታች ሜዳው ላይ ትቆምልኝ ይሆናል አልሁ።» ትንፋሹን ለመሳብ አረፈ። «አልቆመችም።»

ዓይናዲስ የቁስሉን ፋሻ መፍታት ጀመረች።

«ነገ ለፖሊስ ቃሌን እሰጣለሁ» አለ። «ባለቤቱ ሰው ልኮ ‘ፍሬኑ በድንገት ነው እንቢ ያለኝ በል፤ ድንገተኛ ነገር ቅጣቱ ቀላል ነው’ ብሎኛል። ምን ትያለሽ?»

ኋላ ላይ ይህችን ሰዓት ስታስብ ዓይናዲስ በራሷ ላይ ሳትፈርድ ያደረችበት ቀን የለም። ልጆቹን አሰበች፤ የተወላትን ደብተር አሰበች፤ «እንደሱ በል» አለችው። «ድንገት ነው በል። ገደሉን ለማንም አታንሣ። ልጆችህን አሳድግ።» ሰውአገኝ ዓይኑን ጨፈነ። በማግሥቱም ፖሊስ ሲጠይቀው እንደተመከረው ተናገረ።

ውቢት የዳነች መስላ ሁለት ቀን ቆየች። እናኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ታጠበች፤ ልጇ በዱላም ቢሆን ስትሄድ እንደምታያት፣ ስፌት ደግሞ እግር የማይሻ ሥራ እንደሆነ ለአስታማሚው ሁሉ ነገረች። በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ። ቁስሉ መርቅዞ ደሟን መርዞት ነበር። ዶክተር ኢዮስያስ መድኃኒት ቀየረ፣ እንደገና ቀዶ አጸዳ፣ ያልሞከረው አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን፣ አርብ እኩለ ቀን ላይ፣ እናቷ እጇን እንደያዘች ውቢት አረፈች።

እናኑ አልጮኸችም። የሚጮኹት ሌሎች ነበሩ። እሷ «ውኃ አምጭልኝ» አለች ለዓይናዲስ። «እንዲህ ሆና መንደሯ አትገባም።»

ሁለቱ ሴቶች መጋረጃውን ስበው ሬሳዋን ያጥቡ ጀመር። ዓይናዲስ ክንዷን፣ እናኑ ፊቷን። እናኑ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለልጇ የምታወራ ይመስል፣ «እህት አግኝተሽ ነበር እኮ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ «ልጄ ብዬሻለሁ፤ ከቀብር አትቅሪብኝ። ከጎኔ ነው የምትቆሚ» አለቻት።

የዓይናዲስ እጅ ቆመ። ዘጠኝ ቀን ያፈነችው ነገር አሁን ከዚህ በላይ እንደማይያዝ አወቀች።

«እማማ» አለች። «ያ ሾፌር ወንድሜ ነው። የእናት የአባቴ ልጅ ነው። አሳድጎ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

እናኑ የሰማች አልመሰለችም። ፎጣውን ውኃው ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስረግመው ትሰሚ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«ምነው ዝም አልሽ?»

«እንዳይጸየፉኝ ፈርቼ። ልጅዎንም እንዳልነካት እንዳይከለክሉኝ።» ዓይናዲስ ማልቀስ አልፈቀደችም፤ የማልቀስ መብቱ የሷ እንዳልሆነ ተሰማት። «ደግሞም ሌላ አለ። ፍሬኑ እንደታመመ እያወቀ ነው የነዳው። ገደሉንም አይቶት ነበር፤ ፈራ። ይህን ለፖሊስ እንዳይናገር የመከርሁት እኔ ነኝ።»

እናኑ ለረጅም ጊዜ አየቻት። በዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ዓይናዲስ በቻለችው ነበር። ያየችው ግን ቁጣ አይደለም፤ በአንድ ቀን ሁለት ልጅ የሞተባት ሰው ፊት ነበር። አሮጊቷ እጇን ዘርግታ ጨርቁን ከዓይናዲስ እጅ ወሰደችው።

«ተይው። የቀረውን እኔ አጥባታለሁ። ውጭልኝ።»

ዓይናዲስ ከመጋረጃው ወጥታ በቀጥታ ወደ ታች ወረደች። ዘብ ቆሞ የነበረውን ፖሊስ «የሾፌሩ እህት ነኝ» አለችው፤ እሱም ተደናግጦ አሳለፋት። ወንድሟ ራስጌ ቆማ «ያቺ ልጅ ሞተች» አለችው። «እንዳትዋሽ አያ። የመከርሁህ ክፉ ምክር ነው። አይቻታለሁ፣ አጥቤያታለሁ። በሷ ላይ ውሸት ተጭኖ ልትቀበር አይገባም።»

ሰውአገኝ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው፤ ጎድኑ እያመመው፣ አፉን በአንድ እጁ ይዞ። በዚያው ዕለት መርማሪውን አስጠርቶ ሁሉንም ተናገረ፤ ገደሉን ጭምር፣ ማንም ሳይጠይቀው። ወራት ቆይቶ ፍርድ ቤቱ በዘጠኝ ዓመት እስራት እንዲቀጣ ወሰነ። ባለመኪናውም ተከሶ ታሰረ። ዓይናዲስ ችሎቱ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር፤ የወንድሟ ሚስት አጠገቧ ብትቀመጥም አላናገረቻትም። «ባልሽን ለእስር የዳረገችው እህቱ ናት» ብለው ነግረዋት ነበር፤ ውሸትም አልነበረም።

እንደ አገሩ ደንብ ሽማግሎች ከቄሶች ጋር ወደ ሟቾቹ ቤተሰቦች ተላኩ። ከመካነ ብርሃን የመጡት አያ ይበልጣል የተባሉ ሽማግሌ ነበሩ የሚመሩት። ቀድመው የሞቱት የአራቱ ሰዎች ቤተሰቦች ቄሶቹን አክብረው፣ በአርባው የፈቀደ በአርባው፣ በመንፈቁ የፈቀደም በመንፈቁ ዕርቁን ተቀበሉ። እናኑ ግን ሁለቱንም ጊዜ በሯን ዘግታ ሳታነጋግራቸው መለሰቻቸው። በሙት ዓመቱ ሦስተኛ ሲሄዱ ዓይናዲስ «እኔም እመጣለሁ» አለች።

ከመንደሩ በታች ካለው ወንዝ ሲደርሱ ጎንበስ ብላ አንድ ድንጋይ አነሣች፤ ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

«ተይ እንጂ ልጄ» አሉ አያ ይበልጣል። «ደም ያለበት ወንዱ ነው ድንጋይ የሚሸከም። ሴት ስትሸከም አይተን አናውቅም።»

«እሱ የለም አያ» አለች። «ያለሁት እኔ ነኝ።»

የመንደሩ ሰዎች የሙት ዓመቱ ድግስ ላይ ነበሩ። ሰዉ ከዳሱ እየወጣ ተመለከታት። እናኑ በሯ ላይ ቆመች፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በእጅጉ አርጅታለች፤ ምርኩዝ ይዛለች። ዓይናዲስ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ፀሐዩ ከረረ። ቄሱ «ስለ ማርያም» አሉ፤ ሽማግሎቹም «ስለ ማርያም» አሉ። ድንጋዩ የዓይናዲስን ትከሻ በላ። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር ነው አሮጊቷ አፏን የከፈተችው።

«አውርጅው» አለች። «ልጄን ውኃ ሲጠማት ያጠጣ እጅ ነው። ከደጄ ድንጋይ ተሸክሞ አይቁም።»

ሽማግሎቹ እልል ሊሉ ሲቃጡ ምርኩዟን አነሣች።

«ለሷ ነው ያልሁት! አትሳሳቱ። ለሱ አይደለም። እሱን ይቅር አላልሁም። ሲፈታ በእግሩ ይምጣ። ፊቱን ልየው። ያን ጊዜ አፌ ያለውን ይላል። ሌላ ሰው ተልኮ የሚያመጣልኝ ዕርቅ አልፈልግም።» ከዚያ ወደ ዓይናዲስ ዞር ብላ፣ ፊቷን ሳታይ፣ «ግቢና ብይ። ሳትበይ አትሂጅ» አለቻት።

ዓይናዲስ ዳሱ ውስጥ ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር ተቀምጣ በላች። እናኑ አልቀረበቻትም፤ አላጎረሰቻትም።

በሚቀጥለው እሑድ ማረሚያ ቤት ሄደች። ሰውአገኝ በአጥሩ ማዶ ሆኖ ይጠብቃት ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ የአሮጊቷንም ቃል አንድ ሳታስቀር። እሱ ሽቦውን ይዞ መሬት መሬት እያየ አዳመጠ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ከስድሳ አያንስም።»

«ጤናዋስ?»

ዓይናዲስ ነርስ ናት፤ የአሮጊቷን ያበጡ እግሮችና ሁለት እርምጃ ተራምዳ የምታርፈውን ትንፋሽ አይታለች። ከዚህ ወዲያ ለማንም መዋሸት አልፈለገችም። ስለዚህ አልመለሰችለትም። ሰውአገኝም የቀሩትን የእስር ዓመታት በጣቱ ቆጠረ፤ ስምንት ነበሩ። የመጠየቂያው ሰዓት አልቆ ዘቡ ፊሽካውን እስኪነፋ ድረስ፣ ሁለቱም በአጥሩ ግራና ቀኝ ቆሙ።